ጂኦጀብራን ለኢንተግራል አፕሊኬሽን ልምምድ፦ ከሁለት ወር በኋላ ያለኝ አስተያየት

ሰላም፣ ይሄ ሪቪው ጂኦጀብራ ስለሚባለው ነፃ የሒሳብ አፕ ነው። ስለ አፑ በጠቅላላው ግን አይደለም፣ አፑ ብዙ ነገር ይሰራል፣ እኔ ማውራት የምፈልገው ኢንተግራልን (አንድን ነገር ወደ ስስ ቁራጮች ቆራርጦ የመደመር ሒሳብ) በእውነተኛ ነገር ላይ ለመለማመድ ስንት ይጠቅማል የሚለውን ብቻ ነው። የብርጭቆ ይዘት፣ ከታንከር ውሃ ለማውጣት የሚያስፈልገው ኢነርጂ፣ መኪና የሄደው ርቀት፣ እንደዚህ ዓይነት ጥያቄዎች ማለቴ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ማታ ማታ ከታናሽ እህቴ ጋር ተጠቅመንበታል፣ እሷ ካልኩለስ (ኢንተግራል ያለበትን የሒሳብ ትምህርት) እየወሰደች ነው፣ እኔ ደሞ ከዓመታት በፊት ወስጄው ስለረሳሁት አብሬያት እንደገና ጀመርኩ። መልሱን ቀድሜ ልናገር፦ በጣም ጥሩ ነው፣ ግን አጠቃቀሙን ካላወቃችሁበት ምንም ሳያስተምራችሁ ሊያልፍ ይችላል።

እህቴ ኢንተግሬት ማድረግ አያቅታትም። ሰብስቲቱሽንም ይሁን ባይ ፓርትስ የሚባሉትን የስሌት ዘዴዎች የሚፈልግ ኢንተግራል ወረቀት ላይ ጻፉላት ትሰራዋለች። የሚከብዳት ጥያቄው በቃላት ሲመጣ ነው። አንድ ቀን ደብተሯን ዘግታ “ኢንተግራሉን ከሰጡኝ እሰራዋለሁ፣ ግን ኢንተግራሉን ራሱን ማን ይሰጠኛል?” አለችኝ። እኔ እንደሚመስለኝ የዚህ ምዕራፍ ችግር በሙሉ እዚህች ጥያቄ ውስጥ አለ። ፈተና ላይም ስራ ላይም ማንም ሰው ተጽፎ ያለቀ ኢንተግራል አያቀብላችሁም፣ ምን እንደሚቆረጥ፣ ቁራጩ ምን ያህል እንደሆነ፣ ከየት እስከ የት እንደሚደመር እናንተ ናችሁ የምትወስኑት። ስሌቱ ከዛ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

መጀመሪያ ጥያቄውን ፎቶ አንስተህ ስትሰጠው ከነአሰራሩ የሚመልስ አንድ የሚከፈልበት አፕ ሞክረን ነበር፣ ስሙን አልጠራም። ለኛ አልሆነም። እሷን ያቃታትን ክፍል ማለትም ኢንተግራሉን ማቋቋሙን እሱ ይሰራዋል፣ የምትችለውን ስሌት ደሞ በአስር መስመር ይዘረዝርላታል። አንዴ እንደውም ጥያቄው ጠቅላላ የተጓዘውን ርቀት እያለ ዲስፕሌስመንት (የተመለሰው መንገድ ተቀንሶ ከመነሻው የተራቀውን ብቻ) አውጥቶ ሰጠን፣ መልሱ ላይ ምንም የሚያጠራጥር ነገር ስላልነበረ እሷ ገልብጣ ልታልፍ ነበር። ጂኦጀብራ በተቃራኒው ነው የሚሄደው። ስሌቱን ይሰራልሃል፣ ምን እንደምታሰላ ግን አንተ ካልነገርከው ዝም ብሎ ይቀመጣል። ለዚህ ምዕራፍ የሚያስፈልገው እሱ ነው በቃ።

ለማያውቁት፣ አፑን ማርከስ ሆሄንዋርተር የሚባል ሰው በ2001 ኦስትሪያ ሳልዝበርግ ዩኒቨርሲቲ ለማስተርስ ስራው ነው የጀመረው። ስልክ ላይም ኮምፒውተር ላይም ይሰራል፣ ለተማሪ ነፃ ነው፣ አንዴ ከጫናችሁት ያለ ኢንተርኔትም ግራፉን ይስላል ያሰላል።

መጀመሪያ የከፈትነው ሎወር ሰምና አፐር ሰም የሚባሉትን ሁለት ትእዛዞች ነው። ፈንክሽኑን (የከርቩን ማለትም የግራፉን መስመር ቀመር)፣ መነሻና መድረሻውን፣ የቁራጮቹን ብዛት ትሰጡታላችሁ፣ ከከርቩ ስር የሚገቡትንና ከከርቩ በላይ የሚወጡትን ሬክታንግሎች ይስላል። የቁራጮቹን ብዛት በስላይደር (በጣት በሚጎተት ቁልፍ) አድርጉት። ከ4 ወደ 10፣ ከ10 ወደ 50 ስትጎትቱት ሁለቱ ቁጥሮች ከላይና ከታች እየተጠጉ ሲመጡ ይታያል። ኢንተግራል ማለት መደመር ነው ሲባል ስንቴ ሰምተናል፣ ያ ረዘም ያለው የኢንተግራል ምልክት ራሱ ላይብኒትስ በ1675 ድምር ከሚለው የላቲን ቃል መጀመሪያ ፊደል የወሰደው ነው፣ ግን መስማት ሌላ ስላይደሩን በራስ ጣት እየጎተቱ ማየት ሌላ።

ከዛ ወደ መኪና ሄድን። እኔ እየነዳሁ እሷ ጎኔ ተቀምጣ ከቆምንበት ስንነሳ በየ10 ሰከንዱ የፍጥነት መለኪያውን አነበበች፦ 0፣ 20፣ 40፣ 50፣ 55፣ 55 ኪሎሜትር በሰዓት። በጠቅላላ 50 ሰከንድ። ቤት ገብታ በትራፔዞይድ (የሁለት ተከታታይ ንባቦችን አማካይ በ10 ሰከንዱ እያባዛች) ደመረችውና 1925 መጣላት። “1925 ሜትር” ብላ ጻፈች። በ50 ሰከንድ ሁለት ኪሎሜትር ሊሞላ ምን ቀረው? አውሮፕላን አይደለ የተሳፈርነው። ተመልሳ ስታየው ፍጥነቱ በሰዓት ነው ጊዜው በሰከንድ ነው፣ ስለዚህ 1925 የሜትርም የኪሎሜትርም ቁጥር አይደለም። ለ3.6 ስታካፍለው 535 ሜትር ገደማ ሆነ፣ የመኪናው ርቀት ቆጣሪም 0.5 ኪሎሜትር ብሎ ነበር። ዝቅተኛውን ድምር ስትሰራው 458፣ ከፍተኛውን ስትሰራው 611 ሜትር፣ እውነቱ እዛ መሀል እንዳለ በራሷ አረጋገጠች። ከዛ ቀን ጀምሮ ማንኛውንም ኢንተግራል ከመስራቷ በፊት የግራፉን ቋሚ መስመር ዩኒት ከአግድሙ መስመር ዩኒት ጋር አባዝታ ጥግ ላይ ትጽፋለች፣ “ሜትር በሰከንድ” ሲባዛ በሰከንድ፣ ውጤቱ ሜትር ነው፣ “ሊትር በደቂቃ” ሲባዛ በደቂቃ፣ ውጤቱ ሊትር ነው። ይሄን አፑ አያደርግላችሁም፣ እሱ ዩኒት የሚባል ነገር አያይም፣ ቁጥር ብቻ ነው የሚያየው። ይሄን ቀድማችሁ እወቁት።

እዛው ሳለን የርቀትና የዲስፕሌስመንት ልዩነት አፑ ላይ በጣም ነው የሚያምረው። ፍጥነቱ ቲ ስኩዌር ሲቀነስ 4ቲ ሲደመር 3 ነው እንበል (ቲ ጊዜው ነው)፣ ከ0 እስከ 4 ሰከንድ። ዝም ብላችሁ ኢንተግራሉን ስትጠይቁት 1.33 ይላል። አብሶሉት ቫልዩ (ተቀናሹን ወደ ተደማሪ የሚቀይረው) ውስጥ አስገብታችሁ ስትጠይቁት 4 ይላል። ግራፉን ስታዩት ምክንያቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ከ1 እስከ 3 ሰከንድ ከርቩ ከመስመሩ በታች ነው፣ ማለትም ነገርየው ወደ ኋላ እየተመለሰ ነው፣ ሶስቱም ክፍሎች ስፋታቸው እኩል 1.33 ነው፣ መሀለኛው ተቀናሽ ስለሆነ አንዱን ያጠፋዋል። የሚከፈልበት አፕ የተሳሳተው ልክ እዚህ ጋ ነበር።

አሁን ወደ ብርጭቆው ልምጣ፣ ሪቪውን ለመጻፍ ያነሳሳኝም እሱ ነው። ኮምፒውተር ላይ ፎቶ ማስገባት ይቻላል። አንድ ተራ ወደ ላይ እየሰፋ የሚሄድ ብርጭቆ በጎኑ ፎቶ አነሳን (ከሩቅ ሆናችሁ ዙም አድርጋችሁ አንሱት፣ ከቅርብ ካነሳችሁት ይጣመማል)፣ ፎቶውን አስገብተን ቁመቱ ልክ 12 ሴንቲሜትር እስኪሆን አስተካከልነው፣ አግድም አስተኝተን መሀሉን በግራፉ አግድም መስመር ላይ አደረግነው። ከዛ ጠርዙ ላይ ነጥቦች አስቀመጥን። ከስር ጀምሮ በየ3 ሴንቲሜትሩ ራዲየሱ 2.6፣ 2.8፣ 3.2፣ 3.7፣ 4.1 ሆነ። ፊትፖሊ የሚለው ትእዛዝ በነጥቦቹ ውስጥ የሚያልፍ ለስላሳ ከርቭ ይሰራል። ከዛ በኋላ ያለው የዲስክ ዘዴ ነው፣ እያንዳንዱ ስስ ቁራጭ ክብ ነው፣ ስፋቱ ፓይ ሲባዛ በራዲየስ ስኩዌር፣ ከ0 እስከ 12 ስንደምረው 409 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ገደማ መጣ። ስሪ ዲው ላይ ከርቩን በመስመሩ ዙሪያ አዙሪው ስትሉት ደሞ ብርጭቆው ራሱ ስክሪኑ ላይ ቁጭ ይላል፣ እህቴ ሁለቴ ሶስቴ እያዞረች አየችው።

ከዛ የኩሽና ሚዛን አወጣን፣ ብርጭቆውን ባዶውን መዝነን አፉ ድረስ ውሃ ሞላነው። የውሃ አንድ ግራም አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ነው ብላችሁ ውሰዱት። የውሃው ክብደት 327 ግራም። 409 የት፣ 327 የት!

እሷ ወዲያው “ኢንተግራሉ ተሳስቷል” አለች። ኢንተግራሉ ግን አልተሳሳተም፣ የጠየቅነውን ነው የመለሰልን። ፎቶው የሚያሳየው የውጪውን ጠርዝ ነው፣ ውሃው ደሞ ያለው ውስጥ ነው። የብርጭቆውን አፍ ውፍረት በማስመሪያ ለካነው፣ ሩብ ሴንቲሜትር። ከእያንዳንዱ ራዲየስ ላይ 0.25 ስንቀንስ ይዘቱ ወደ 350 ወረደ። አሁንም በ23 ይበልጣል። ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና ብርጭቆውን አንስታ ስሩን በጣቷ መታ መታ አደረገችው፣ ስሩ ወፍራም ነው፣ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ድፍን መስታወት። ታዲያ ኢንተግራሉ ከ0 መጀመር የለበትም፣ ከ1 ነው መጀመር ያለበት! መነሻውን ከ0 ወደ 1 ስትቀይረው 332 ሆነ። ከ327 ጋር አምስት ብቻ። ያቺን አምስት እኔ ለፎቶውና ለማስመሪያው ትቼላታለሁ።

እስቲ አስቡት፣ የታችኛው ወሰን ዜሮ ይሁን አንድ የሚለው ነገር ደብተር ላይ ሲሆን ማንም ልብ የማይለው ነገር ነው፣ ጥያቄው ከ0 ካለ ከ0 ነው። እዚህ ግን ወሰኑ በጣት የሚነካ ነገር ሆነ። ነገሩ ደሞ በዚህ አላበቃም፣ ከውጪው ይዘት የውስጡ ሲቀነስ የመስታወቱ የራሱ ይዘት ነው አይደል፣ 409 ሲቀነስ 332፣ 77 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር። ይሄ እንግዲህ ዋሸር የሚባለው ዘዴ ነው፣ ትልቁ ክብ ሲቀነስ ትንሹ ክብ፣ የስሩ ድፍን ዲስክ ተጨምሮበት። ተራ የመስታወት ዴንሲቲ (የአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትሩ ክብደት) 2.5 ግራም በኪዩቢክ ሴንቲሜትር አካባቢ ስለሆነ ባዶ ብርጭቆው ወደ 192 ግራም መመዘን አለበት። ቅድም ባዶውን ስንመዝነው የጻፍነው 188 ነበር። እሷ ያን ማታ ተኝታለች ብዬ አላስብም፣ በነጋታው ቤት ውስጥ ያለውን ክብ ነገር ሁሉ ፎቶ አንስታ ጠበቀችኝ።

በነገራችን ላይ ይሄ የዕቃ ይዘት ጥያቄ የቆየ ጥያቄ ነው። የፕላኔቶችን ምህዋር ያወጣው ኬፕለር በ1615 የወይን በርሜሎችን ይዘት ስለማስላት ሙሉ ስራ አሳትሟል። በእሱ ስም የሚጠራው የበርሜል ደንብ እስካሁን ይሰራል፣ የታችኛው ክብ ስፋት፣ ሲደመር የመሀለኛው አራት እጥፍ፣ ሲደመር የላይኛው፣ ድምሩ በቁመቱ ተባዝቶ ለ6 ይካፈላል። እኛ በውስጠኛው ራዲየስ ስንሞክረው 347 ገደማ ወጣ፣ ሙሉው ስሌት 350 ሲል። በሶስት ልኬት ብቻ! አፕ ሳትከፍቱ በፊት እንደዚህ ግምት መያዝ በጣም እመክራለሁ፣ ስክሪኑ ላይ የመጣው ቁጥር ከግምታችሁ በእጥፍ ከራቀ የሆነ ነገር በስህተት አስገብታችኋል ማለት ነው።

ሌላው በጣም የወደድኩት የወርክ (አንድን ነገር ለማንቀሳቀስ የሚያስፈልገው ኢነርጂ) ጥያቄ ነው፣ ተማሪ ሁሉ የሚሸሸው። ሁለት ታንከር አስቡ፣ ሁለቱም 2 ሜትር ቁመት፣ አፋቸው ላይ ራዲየሳቸው 1 ሜትር፣ አንዱ ሲሊንደር፣ አንዱ ጫፉ ወደ ታች የሆነ ኮን። ሁለቱም ሙሉ ናቸው፣ ውሃውን በሙሉ በአፋቸው በኩል ለማውጣት ስንት ጁል ይፈጃል? የኮኑ ውሃ የሲሊንደሩ አንድ ሶስተኛ ነው፣ ስለዚህ ስራውም አንድ ሶስተኛ ይሆናል ብሎ መገመት ቀላል ነው፣ እኔም መጀመሪያ የመጣልኝ እሱ ነበር። ግን ቁረጡት። ውሃውን በአግድም እንደ ስስ ገበታ ቆራርጡት፣ እያንዳንዱ ገበታ ክብደት አለው፣ ለመውጣት የሚጓዘው ርቀት ደሞ ከአፉ ያለው ጥልቀት ነው። ክብደት በርቀት ይባዛል፣ ይደመራል። የኪዩቢክ ሜትር ውሃ ክብደት 9800 ኒውተን ከወሰድን ሲሊንደሩ 61,575 ጁል ይሆናል፣ ኮኑ ደሞ 10,263 ጁል። አንድ ስድስተኛ ነው! ምክንያቱም የኮን ውሃ አብዛኛው ከላይ ከሰፊው ክፍል ስለሆነ ያለው በአማካይ የሚወጣው ግማሽ ሜትር ብቻ ነው፣ የሲሊንደሩ ግን አንድ ሜትር። ውሃው በሶስት አነሰ፣ ርቀቱ በሁለት አነሰ፣ በድምሩ በስድስት። አፑ ላይ የገበታውን ጥልቀት ስላይደር አድርገን የእያንዳንዱን ገበታ ራዲየስ ስናሳይ እህቴ ወደ ታች ስትጎትተው ክቡ እያነሰ እያነሰ ሲሄድ አየችና ሳልነግራት “እዚህ ታች እኮ ምንም ውሃ የለም” አለች።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልለፍ። በሁለት ከርቭ መሀል ያለ ስፋት፣ ኢንተግራል ቢትዊን የሚል ትእዛዝ አለው፣ ጥሩ ነው፣ ግን ከርቮቹ መሀል ላይ የሚቋረጡ ከሆነ አንዱ ክፍል ተቀናሽ ሆኖ ስለሚገባ መቋረጫዎቹን አውጥታችሁ ከፋፍሉት። አማካይ ዋጋ፦ የቀን ሙቀት አማካይ ማለት ከርቩን ለ24 ሰዓት ደምሮ ለ24 ማካፈል ነው፣ ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ደምሮ ለሁለት ማካፈል ሁሌ ያንን አይሰጥም፣ ሁለቱን አንድ ላይ ስላችሁ ብታዩት ጥሩ ነው። የኤሌክትሪክ ቆጣሪ ደሞ ራሱ ኢንተግራል ሰሪ ነው፣ ፓወርን በጊዜ እየደመረ ኪሎዋት ሰዓት የሚያወጣ ማሽን። ፋርማሲ ለሚያጠኑ፣ መድሃኒት ደም ውስጥ ያለው መጠን በሰዓታት ውስጥ ሲወጣና ሲወርድ ከከርቩ ስር ያለውን ስፋት በትራፔዞይድ ማስላት የዘወትር ስራ ነው፣ ደም የሚወሰደው አልፎ አልፎ ስለሆነ ፎርሙላ የለም፣ ያሉት ነጥቦች ናቸው። እዛም ልክ እንደ መኪናው ሰርታችሁ ማየት ትችላላችሁ።

ምን ይጎድለዋል? አንደኛ ያልኩት ነው፣ ዩኒት የለውም። ሁለተኛ ጥያቄ አያወጣላችሁም፣ ልክ ነህ ተሳስተሃል አይላችሁም። ራዲየሱን ስኩዌር ማድረግ ረስታችሁ ብትሰጡት ምንም ሳይል ያንኑ አስልቶ ይሰጣችኋል። ለዚህ ነው ሚዛንና ማስመሪያ አጠገባችሁ ይኑር የምለው፣ ውሃው ነው የሚያርማችሁ። ሶስተኛ ትእዛዞቹን መልመድ ጊዜ ይወስዳል፣ የመጀመሪያው ሳምንት ከሒሳቡ ይልቅ ከኮማና ከቅንፍ ጋር ነው ስንታገል የነበረው። ስልክ ላይ ለግራፍና ለስላይደር ይመቻል፣ ፎቶና ብዙ ነጥብ ላለው ስራ ግን ኮምፒውተር ካላችሁ ኮምፒውተር ይሻላል፣ በጣት ነጥብ ጠርዝ ላይ ማስቀመጥ ያስቸግራል።

እኛ የምናደርገው እንደዚህ ነው፦ መጀመሪያ ወረቀት ላይ ሥዕል፣ አንድ ቁራጭ ብቻ ትስላለች፣ የቁራጩን መጠን በቃላት ትጽፋለች “የዚህ ገበታ ክብደት ሲባዛ በሚወጣው ርቀት” ብላ፣ ዩኒቱን ታያለች፣ ግምት ትይዛለች። ከዛ በኋላ ነው ላፕቶፑ የሚከፈተው። በቀጥታ ላፕቶፑን የከፈተችበት ማታ አንድም ነገር ሳትማር ነው የተነሳነው፣ ይሄን በደንብ አይቻለሁ።

ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ፣ አንዷ የቀነስኳት ለዩኒቱ ነው። ካልኩለስ ለሚወስድ ሰው፣ ወይም እንደኔ ረስቶት ለሚመለስ ሰው ያለ ማመንታት ጫኑት እላለሁ። ብርጭቆውን የምትሞክሩ ካላችሁ ስሩን ለክታችሁ ጀምሩ፣ እኛ አሁን እጀታ ያለው ማንቆርቆሪያ ላይ ነን፣ አፉ ክብ ስላልሆነ ዲስኩ አልሰራልንም፣ በየሴንቲሜትሩ ውሃ እየጨመርን እየመዘንን የቁራጩን ስፋት በተቃራኒው ከሚዛኑ እያወጣነው ነው።